ለአባቴ ነው

ውዴ የባሏን እግር የለካችው በጥጥ ፈትል ነበር። ዘውዱ ጉና ተራራ ላይ፣ ጓሳ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን ዘረጋላት፤ እሷ ተንበርክካ ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ጫፍ ፈትሉን ሳበችና ቋጠረች። ቀጥላ ከጣቶቹ ሥር፣ እግሩ በሚሰፋበት ቦታ፣ ዙሪያውን ጠምጥማ ሌላ ቋጠሮ ጨመረች። በቁርጭምጭሚቱ ላይ ልታዞረው ስትል ኮረኮረችውና እግሩን ሰበሰበ።

"እንደ ሰንጋ ልትሸጪኝ ነው የምትለኪኝ?" አላት።

"አንካሳ ሰንጋ ማን ይገዛል? ይልቅ እግርህን ስጠኝ።"

ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ዘውዱ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አዳኝ ነበር። ጉና ላይ ድኩላ ተከትሎ ሲወጣ ውሻው ይደክማል እንጂ እሱ አይደክምም ይባልለት ነበር። ጫማ የሚባል ነገር እግሩን ነክቶት አያውቅም። ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽጉን ሠርቶ ባንዲራውን ሲሰቅል፣ ዘውዱም እንደ ብዙ ሰው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጉና ወጣ። ከዚያ በአንዱ ውጊያ ጥይት የግራ እግሩን መርገጫ ጠርቦት አለፈ። ቁስሉ የሚገድል አልነበረም፤ ቤቱ ተኝቶ ቢታመም ኖሮ ድኖ ይረሳው ነበር። ጉና ግን ቤት አይደለም። ጠዋት ውርጩ ይሰነጥቀዋል፣ ቀን ድንጋዩ ይልጠዋል፤ ሊገጥም ሲል እንደገና ይከፈታል።

አለቃቸው ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም። ለአንድ አንካሳ ብሎ ጦሩን ማስፈጀት ግን አይችልም። "ዘውዱ፣ ወንድሜ" አለው፣ "በልጉ ሳይጠና ወደ እብናት በኩል እንሻገራለን። መራመድ ከቻልክ አብረኸን ትሄዳለህ። ካልቻልክ ቤትህ ትቀራለህ።" ቤት መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ባንዳዎቹ የዘውዱን ደጃፍ ከራሳቸው ደጃፍ ይበልጥ ያውቁታል፤ ቤቱ ከተገኘ ይሰቀላል። እንግዲህ ውዴ ደህና ጫማ ይዛ ከተመለሰች ባሏ ይተርፋል፣ ካልተመለሰች አይተርፍም።

በገበያ ቀን ቅቤዋን በቅል፣ ጥቂት እህል በስልቻ ተሸክማ በጋፋት በኩል ወደ ደብረ ታቦር ወረደች። የኬላው ዘበኛ ቅቤውን በእንጨት ወጋ ወጋ አድርጎ አሳለፋት። ፈትሉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሥራው ስለነበር ልብ ያለው የለም።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ ጫማ ከተፈለገ የሚኬደው ወደ ጀማል ነው። ጀማል በፊት ኮርቻና ልጓም ይሰፋ ነበር፤ ጣሊያን ከገባ ወዲህ የወታደር ጫማና ቀበቶም ይጠግናል። ይህን በክፉ ያዩበት ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን፣ "ጣሊያን እስኪወጣ ልጆቼን አላስጾማቸውም" እያለ ወስፌውን ይወጋል። ሸምገል ያለ፣ ዓይኑ ከእጁ የማይነቀል፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነበር።

"እንደምን ዋሉ፣ አያ ጀማል?"

"አልሐምዱ ሊላህ። ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ።"

"ጫማ ፈልጌ ነበር። ለዳገት የሚሆን፣ ብርድ የማያስገባ።"

"ለማን ነው?"

በዚያ ዘመን ከዚህች የከበደች ጥያቄ አልነበረችም። ውዴ መንገዱን ሙሉ መልሷን ስታጠናው ነው የመጣችው።

"ለአባቴ ነው" አለች። "እርጅና ነው እንግዲህ። ብርዱ እግራቸውን ይዟቸው ከቤተ ክርስቲያን ሊቀሩ ነው።"

ፈትሉን ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችው። ጀማል ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቋጠሮዎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። የሽማግሌ እግር ይተኛል፣ ውስጡ ይረግባል። ይህ ግን ከጣቶቹ ሥር የሰፋ፣ ከተረከዙ የጠበበ፣ ገደል የለመደ እግር ነው። ቀና ብሎ አያት። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

"አባትሽ ብርቱ እግር አላቸው" አለ።

"በጉልምስናቸው አዳኝ ነበሩ።"

"ይሁን" አለ ጀማል፤ ጫማው ለማን እንደሆነ ያኔ ገባው። የገባው መሆኑን ግን ፊቱ ላይ እንኳ አላሳየም። በዚህ በእኛ አገር ሰው እጅግ እናደዳለሁ፤ ምስጢር መያዝ ጨዋነት ነው ብለን አደግን፣ ከማን እንደምንይዝ ግን ያስተማረን የለም።

ጀማል ወደ ጓዳ ገብቶ ሁለት ጥንድ ጫማ ይዞ ወጣ። አንዱ የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ ወፍራም የበሬ ቆዳ ተለፍቶ፣ በጅማት ተሰፍቶ፣ ሞራ እስኪጠግብ የታሸ። መርገጫው ድርብ ቆዳ ነው፤ ልስልስ ያለ፣ ምንም የሌለበት። ሁለተኛው የጣሊያን ነው። አንድ መኮንን ነበር፣ ጅግራና ድኩላ ሊተኩስ ከከተማ እየወጣ የሚውል፤ የአደን ጫማውን ለጥገና ሰጥቶ ሳይወስደው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ቁርጭምጭሚትን አልፎ የሚታሰር፣ ቀይ ዳማ ቆዳ፣ መርገጫው ሙሉ በሚስማር ራስ የታጠረ ነበር። ውዴ ዓይኗ እሱ ላይ ቀረ።

"ጫማ በዓይን አይመረጥም" አለ ጀማል። "ዳገት ተረከዝን ነው የሚፈትን፣ ቁልቁለት ጣትን። ተረከዙ ከላላ ሽቅብ ሲወጡ ይልጣል፤ አፍንጫው ከጠበበ ቁልቁል ሲወርዱ ጥፍር ያስነቅላል። ደግሞ ለመጠቅለያ ጨርቅ ቦታ ይፈልጋል። ነይ፣ እጅሽን አስገቢ።"

እጇን አስገባች። ስፌቱ የት ላይ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ስፌት ቁስል ላይ እንደሚያርፍና እንደማያርፍ በጣቷ አስዳሰሳት። ቁስል እንዳለ ግን ያነሣ አልነበረም፤ ከሁለቱ አንዱም ያንን ቃል አልተናገረም። ፈትሉን በየተራ ጫማዎቹ ውስጥ ዘረጋው። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ውኃ አፈሰሰባቸው፤ ሁለቱም አላስገቡም።

"ለእርስዎ ቢሆን የትኛውን ይወስዳሉ?"

"የኔን ውሰጂ።"

"ለምን?"

ጀማል ፈትሉን ጣቱ ላይ ጠመጠመ። "ለሽማግሌ ይቀላል። እግር ቶሎ ይለምደዋል" አለ።

ውዴ በልቧ፣ ምክሩ ለአባቴ ነው እንጂ ለዘውዱ አይደለም አለች። አባቷ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ። ዘውዱ ጉናን ነው የሚዞረው። ለሽማግሌ የሚሆን ለዘውዱ አይሆንም። እንዲህ እያለች የገዛ ውሸቷ ዞሮ እሷኑ አሳሳታት። ባለ ሚስማሩን አነሣች።

"ይኸኛው አይበረታም?"

"ይበረታል" አለ፤ መዋሸት አልቻለም።

"አያንሸራትትም?"

"አያንሸራትትም፣ ሚስማሩ መሬት ይነክሳል። ግን ልጄ፣ ይህ ሚስማር..."

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ጀማል ከመቅጽበት አንድ ቆዳ ስቦ ባለ ሚስማሩን ጫማ ሸፈነው፤ የመኮንን ጫማ ለአገሬው መሸጡ ያስጠይቀዋል። የገባው የባንዳዎቹ አለቃ፣ ሹምባሹ፣ ነበር፤ አስሰፍቶ የተወውን ቀበቶ ሊወስድ ነው የመጣው። ቀበቶውን እየታጠቀ መሬት ላይ የቀረውን የጀማልን ጫማ በእግሩ ነካ አደረገው።

"ይህ የማን ነው?"

"ለአባቴ ነው፣ ጌታዬ" አለች ውዴ።

"አባትሽ ታድለዋል" አለና ወጣ።

ጀማል የጀመረውን ነገር ያን ጊዜ መጨረስ ይችል ነበር። ሱቁ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ጉና ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ባዶ እግራቸውን መሆናቸውን፣ ዝናብ ሲጥል ሚስማሩ ጭቃው ላይ የሚተወውን ምልክት፣ ምልክቱን ማን እንደሚከተለው ያውቃል። ግን ይህን መናገር፣ "ባልሽ አርበኛ መሆኑን አውቄያለሁ" ማለት ነው። እሷ ልትደነግጥ ትችላለች። ወይም ጣሊያን ልኳት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሰው እየተላከ ስንቱ ቤት ፈረሰ። ልጆች አሉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዝም አይነቅዝም። እነዚህን የአባቶች ምሳሌዎች አሰበና ዝም አለ።

የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የኔን ብትወስጂ የቅቤው ግማሽ ይበቃኛል" አላት።

ይህ ደግሞ ነገሩን ጨረሰው። ነጋዴ ሳይለምኑት ዋጋ ከቀነሰ እቃው አንድ ነገር አለበት ማለት ነው፤ ያንን ጫማ ሹምባሹ ሲገባ የደበቀውም ቢሳሳለት ነው። ውዴ እንዲህ ተረጎመችው። ዱካ የሚባል ነገር በሐሳቧም አልመጣም። እንዴትስ ይምጣላት? ያደገችበት መንደር ጭቃ ላይ የጌታውም የሎሌውም ዱካ አምስት ጣት ነው። ቅቤውን ሙሉ ሰጥታ፣ ባለ ሚስማሩን ጫማ በስልቻዋ ካለው እህል ሥር ቀብራ፣ ጉናን ሽቅብ ወጣች።

ዘውዱ ጫማውን ሲያይ አፉን ያዘ። እሷው ቁስሉን አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጀማል እንዳሳያት ተረከዙን ወደ ኋላ አስጠግታ ማሰሪያውን አጠበቀችለት። መጀመሪያ እንደ ጥጃ ተንገዳገደ። ከዚያ ዳገቱን ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ቁልቁል ሲመጣ እየሮጠ ነበር። ደምሴ ከድንጋይ ላይ ሆኖ አይቶት፣ "በቃ፣ ዘውዱ ከእኛ ጋር ነው" አለ።

"ሰንጋሽ ዳነ" አላት ዘውዱ። "አሁን ዋጋዬ ንሯል፣ አትሸጪኝም።"

ውዴ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ጫማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ እያለች ኮራች። ባሏን በሕይወት ያየችው ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ዘውዱ አዳኝ ሆኖ እንዴት ሳያስተውል ቀረ የሚል ይኖራል። መሬቱ ደረቅ ነበር፤ ጉና በበጋ እንደ ሸክላ ነው፣ ዱካ አይዝም። ደግሞም አዳኝ የሌላውን ዱካ ያያል እንጂ የራሱን ዞሮ አያይም። በልጉ ከታሰበው ቀድሞ ገባ። ሊሻገሩ ስንቃቸውን እያሰናዱ ሳሉ ዝናቡ መጣ፤ ተራራው በአንድ ከሰዓት ጭቃ ሆነ።

ከዚያ የሆነውን ለውዴ የነገራት ፈንታሁን ነው፤ የዘውዱ የአደን ባልንጀራ፣ ጉናም ላይ አብሮት የነበረ። ሊያረዳት መጥቶ ደጃፏ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። እሷ ፊቱን አይታ ስለገባት የመርዶውን ቃል አልጠየቀችውም። እንዴት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ አለችው።

"ጠዋት ከጉማራ ምንጭ ውኃ ቀድተን ስንመለስ ነው" አለ። "ቅሉ ከብዶት ሊያሳርፍ ዞር አለ። እንዳየ ቆመ። የቆመው የገዛ ዱካውን አይቶ ነው፤ ከምንጩ እስከ እግሩ ድረስ ሚስማሩ አንድ ባንድ ተተክሏል። 'ፈንታሁን' አለኝ፣ 'ይህን ሰው እኔ ባድነው ዓይኔን ጨፍኜ አገኘው ነበር።' ወደ ታች ስናይ ባንዳዎቹ ምንጩ ጋ ጎንበስ ብለው መሬት ያያሉ።"

"አያወልቀውም ነበር?" አለች ውዴ።

"እኔም አውልቀው አልኩት። ዋሻችን አለቱ ላይ ነበር። 'አለቱ ጋ ዱካዬ ካለቀ አለቱን ይፈትሹታል፣ ሁላችሁንም ያገኟችኋል' አለኝ። 'ከአለቱ ማዶ ከቀጠለላቸው ግን ይከተሉታል። አንተ ሂድና ሰዎቹን በገደሉ በኩል በባዶ እግር አውጣቸው።' ቅሉን ሰጠኝ። ከዚያ አለቱን ተሻግሮ፣ ሆን ብሎ ጭቃ ጭቃውን እየረገጠ፣ ወደ አስታ ዛፉ ጫካ ቁልቁል ሄደ። አልሮጠም። እንዳይጠፋባቸው ብሎ ነው መሰለኝ።"

ውዴ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

"እኛ ስንሻገር ነው ተኩሱን የሰማነው። ሲመሽ ተመልሰን ወሰድነው። ባዶ እግሩን ነበር፤ ጫማውን ወስደውበታል።" ፈንታሁን ዓይኑን ከእሷ አነሣ። መናገሩን ይተወው ይሆናል ስትል ቀጠለ። "ግራ እግሩን አየሁት። ቁስሉ ድኖ ነበር።"

ውዴ ለዘውዱ ሞት አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ጸጉሯን ላጨች። ያቺ የመጨረሻ ቃል ግን ከለቅሶ በላይ ሆነችባት። ጫማው ሥራውን ሠርቷል፤ ልክ ነበር፣ ብርቱ ነበር፣ እግሩን አድኖታል። መጥፎ ጫማ መርጣ ቢሆን ኖሮ ባለማወቋ ታለቅስ ነበር። ጥሩ ጫማ መምረጧን የት ወስዳ ታልቅሰው?

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ እጁን የሰጠ ሰሞን ወደ ከተማ ወረደች። ቅቤ አልያዘችም። ጀማል እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጦ ኮርቻ ይሰፋል፤ ሽበቱ በዝቷል። ጥቁር ልብሷን አይቶ ወስፌውን አስቀመጠ።

"አባትሽ ደህና ናቸው?" አለ ድምፁ ዝግ ብሎ።

"አባቴ ደህና ናቸው" አለች። "አያ ጀማል፣ ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?"

"ፈትሉን እንደ ዳሰስኩ።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ ቀሩ?"

"ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ሹምባሹ ገባ። ሲወጣ ደግሞ ፈራሁ። አንቺንም ፈራሁሽ። አላህ ይቅር ይበለኝ።" እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያቸው ጀመር። "ኋላ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲያ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሚስማሩን ነቅዬ በላዩ ቆዳ ብሰፋበትስ አልኩ። ቀላል ሥራ እኮ ነው፣ ተቀምጠሽ ትጠብቂው ነበር። ሮጬ ወጣሁ። ገበያው ውጦሽ ነበር። ስምሽን አላውቀው፣ ምን ብዬ ልጥራሽ? የጫማዋ ሴት ብዬ እንዳልጮህ ጆሮው ብዙ ነው።"

ውዴ ልትቆጣው ነበር የመጣችው። ቁጣዋን መንገዱን ሙሉ እንደ ያኔው መልስ አጥንታው ነበር። አሁን ግን አልወጣላትም።

"ልጄ፣ አንቺስ" አለ ጀማል፣ "አንቺስ ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ? ለባሌ ነው፣ ጉና ላይ ነው ብትዪኝ ኖሮ?"

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ምን ዓይነት ጎተራ እንደነበረው እንጃ፤ የእነዚህ የሁለቱ ዝምታ ግን ነቅዞ ሰው በልቷል።

ጀማል ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባና የገዛ እጁን ሥራ፣ ያንኑ ልስልስ መርገጫ ያለውን ጫማ፣ ይዞ ወጣ። ሞራው አልደረቀም፤ በየጊዜው ሲያሸው ኖሯል። "የጠየቀኝ ብዙ ነበር፣ መሸጥ አልሆነልኝም። ውሰጂው" አላት። ወሰደችው።

በዚያ ክረምት የውዴን አባት እውነትም ብርዱ እግራቸውን ያዛቸው። ያን ጊዜ የዋሸችው ነገር ሁሉ ቃል በቃል ደረሰ። ለቅዳሴ ሲሰናዱ ጫማውን አመጣችላቸው። ተንበርክካ ተረከዛቸውን ወደ ኋላ አስጠግታ፣ ከጣታቸው በኩል የተረፈውን ባዶ ቦታ በበግ ጸጉር ሞልታ፣ ማሰሪያውን አጠበቀች። ሽማግሌው እግራቸውን አነሥተው እያገላበጡ አዩት።

"ሰፊ ነው" አሉ። "ለእኔ ነው ያሰፋሽው?"

ለአባቴ ነው የምትለዋ ቃል አፏ ላይ መጣች፤ የለመደች ቃል ናት። ውዴ ዋጠቻት።

"አይደለም አባቴ። ለዘውዱ የሚሆነው ይህ ነበር።"

ሽማግሌው እጃቸውን ራሷ ላይ ጥቂት አሳርፈው፣ በትራቸውን ይዘው ወጡ። ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን አራስቶታል። ውዴ ከኋላቸው ሆና መሬት መሬቱን እያየች ተከተለች። ጫማው የረገጠው ቦታ ትንሽ ጎድጎድ ይልና ውኃው ወዲያው ይሞላዋል፤ ዘወር ብላ ስታይ ማን እንዳለፈ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም።